ባዶ እጄን ስሄድ

ሰኔ 19

ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ሦስት ሰው አስቁሞ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛዋ ሴትዮ ጭራሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራኝ ልትሄድ ተሰናዳች። «ማንም አልሞተም። ስኳር አለብኝ፣ በየቀኑ ተራመጂ ተብዬ ነው» አልኳት። «ወዴት?» አለች። «ወዴትም።» «ወዴትም ካልሆነ ምን ያስቸኩልሻል?» ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

ኢንጅባራ ውስጥ ሴት ልጅ ጀሪካን ካልያዘች፣ ዘንቢል ካላንጠለጠለች ወይ ልጅ ካላዘለች መንገድ ላይ ምን እንደምትሠራ ማስረዳት አለባት። ወንዱ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ቢውል የሚጠይቀው የለም።

ይህን ደብተር ግዢ ያለችኝ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሃና ናት። የበላሽውንና የሄድሽውን ጻፊበት ብላኛለች። እሺ። በዘንገና መንገድ እስከ ዲከረንሱ ጫካ ሄጄ ተመልሻለሁ። የበላሁት ድንች ነው፤ እዚህ አገር ሌላ ምን ይበላል። በተረፈው ወረቀት ላይ ንዴቴን እጽፋለሁ። ካልጻፍኩት ሰው ላይ ነው የሚወጣው።

ሰኔ 21

ስኳሩ የተገኘብኝ መጋቢት ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ሲለኝ መነጽር ላሠራ ሄድኩ፤ መጀመሪያ ደምሽን እንይ አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ራት ላይ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገርኩ። ምን ያስደብቃል። ልጄ ፀደይ አለቀሰች። አማቴ እማማ ሙሉነሽ አማተቡ። ባሌ ይኸነው ጉርሻውን ትቶ ተነሣና ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አላናገረኝም።

ዛሬ ተናገረ። «ቀኑን ሙሉ መኪናሽን በእግርሽ ስትረግጪ ትውያለሽ። እሱ ስፖርት አይደለም?» አለ። ቁጭ ብዬ ነው የምረግጠው አልኩት። ሲስተር ሃና ያለችውን ነገርኩት፤ ፍጥነቱ እያወራሽ መሄድ የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትሽ ይሁን ብላኛለች። «ታዲያ ማን ዝፈኚ አለሽ» ብሎ ሳቀ። እናቱም ሳቁ። ከዚያ እሳቸው በአዊኛ «እግሯ መንገድ ለምዷል፤ ከእንግዲህ ቤት አይቀመጥም» አሉት።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አዊኛ እንደማልሰማ ፊቴ ላይ ያወራሉ። እሰማለሁ።

ሰኔ 26

ቸኩያለሁ። ዝናብ። እማማ ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆመው «በዚህ ዝናብ?» አዎ፣ በዚህ ዝናብ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። መንገዴ ላይ ካለው ድልድይ ተመለስኩ። መመለሴ አናደደኝ። አንዲት ደንበኛዬ ለቀሚሷ ስትመጣ ገና እጅጌውን አልገጠምኩም።

ሐምሌ 2

ስፖርት ጫማ ገዛሁ። ልባሽ ነው፣ ሶሉ ግን ወፍራም ነው። ሲስተር ሃና ከመልበስሽ በፊት ውስጡን በእጅሽ ዳብሺ፣ ማታ ማታ ደግሞ እግርሽን እስከ ጣቶችሽ መሃል ድረስ እዪ ብላኛለች። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ ጠጠር ቢገባበት፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም። ቁስሉን የሚያውቀው ሲሸት ነው አለች።

ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በስልክ መብራት ጣቶቼን ስፈትሽ ይኸነው በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። «ምን ታያለህ?» አልኩት። «ጣቶችሽን ስንት እንደሆኑ ረሳሽ?» አለ። በቀልድ ነው የተናገረው፤ ፊቱ ግን አይስቅም ነበር። ካልሲውን ሳያወልቅ ተኛ። ንጹሕ አንሶላ ላይ።

ሐምሌ 8

ይኸነው ሱሪዬን አጥብቢልኝ አለ። ከፋሲካ ወዲህ ሁለተኛው ነው። በሜትር ስለካው ቀበቶው ተጨማሪ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ በሚስማር የበሳው ራሱ ነው። «ምነው ከሳህ?» ስለው «ጭነት ነው፣ ሥራ ነው» አለ። እኔ በየማለዳው ጭቃ እየረገጥኩ ግራም አልቀነስኩም፤ እሱ በቆሎ ሊጭን በመኪና ጫግኒ እየተመላለሰ እንደ ጎረምሳ ወገቡ ይጠብቃል። ለሱ ዓለም እንዲህ ቀላል ናት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይህ መጣ። ዩኒፎርም ሊያሰፉ የመጡ ሁለት ሴቶች ሱቁ በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እኔ መኪናዬን እረግጣለሁ፤ በጩኸቱ የማልሰማ መሰላቸው። «ይኸነው ጫግኒ ቤት አለው ይባላል» አለች አንዷ። «በቆሎ ለመጫን አንድ ቀን ይበቃው የለ? እሱ ያድራል እኮ።» ሌላዋ «እሷም መዞር የጀመረችው ለዚያ ነው» አለች። እግሬን ከመርገጫው አላነሣሁም። ስፌቱ ጠመመ። ፈታሁት።

ሐምሌ 15

የጫግኒ መንገድ ተዘጋ። መኪና የለም። ኔትወርክም የለም። ፋርማሲዎቹን ሁሉ ዞርኩ፤ የኔ ክኒን የለም። ሲስተር ሃና ከጤና ጣቢያው የተረፈውን ጥቂት ሰጠችኝና «መድኃኒቱ ሲያጥር እግርሽ ላይ በርቺ» አለችኝ።

ይኸነው ግን ግቢውን ሲዞር ዋለ። አጥሩ ጋ ይሄዳል፣ ቆሞ ያዳምጣል፣ ይመለሳል። «በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አለ። ፀደይ «አባዬ፣ በቆሎው የትም አይሄድ፣ ይቆያል እኮ» አለችው። «አንቺ ዝም በይ» ብሎ ጮኸባት። በሷ ላይ ሲጮህ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራት እቤት ተቀምጣ ለመጨነቅ በቂ ምክንያት አላት።

ለበቆሎ እንዲህ የሚሆን ሰው የለም። ማን እንደናፈቀችው አውቃለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። ደግሜ ጻፍኩት።

ሐምሌ 23

ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ጉሙ ከተማው ላይ ተኝቷል። መንገድ ላይ ባጃጅ እንኳ መብራቱን አብርቶ ነው የሚሄደው። ሲስተር ሃና ዝናብ ምክንያት አይሆንም አለች። በአንድ ጊዜ ካልሆነልሽ ከፋፍይው፤ ከምግብ በኋላ ትንሽ ትንሽ፤ ወንበር ላይ ተነሺ ተቀመጪ፣ ግድግዳ ግፊ። ቁጭ ብለሽ መዋልሽን ስበሪው አለችኝ።

እኔ ደግሞ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያው ተከምሮብኛል። መስከረም ሳይገባ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ ሊለብሱ ይፈልጋሉ። እና በየኮሌታው መጨረሻ ተነሥቼ ሱቋ ውስጥ እመላለሳለሁ፤ እንደ ወፍጮ ቤት አህያ። ግድግዳ ስገፋ አንድ አባት ገባ። «ሊወድቅ ነው?» አለኝ። «አይ፣ እኔ እንዳልወድቅ ነው» አልኩት። ልጁን ይዞ ወጣ፤ ሌላ ሰፊ ጋ ሳይሄድ አይቀርም።

ውሃ የሚቀዳልኝን ሰው አቁሜ ጀሪካኑን ራሴ ማምጣት ጀመርኩ። ጀሪካን ስይዝ የሚጠይቀኝ የለም። ይሄ ከሁሉ ይበልጥ ያናድደኛል።

ማታ ፀደይን ለአንድ ሰሃን ተቆጣኋት። ምንም አላጠፋችም።

ሐምሌ 30

ይኸነው አላስተኛኝም። ተነሣ። በሩን ከፈተ። ብርድ አስገባ። ተመለሰ። ጆጉን አንሥቶ ውሃውን ጨርሶ ጠጣ። ተኛ። ደግሞ ተነሣ። ሌሊቱ እንዲህ ነው የነጋው። ጠዋት «አረቄ ቤት ማዘውተር ጀምረሃል?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። እንዲያው በአጭሩ፣ አዎ። አይሸትም። ለመዋሸት እንኳ አልደከመም።

ነሐሴ 4

ትናንት የሆነውን ልጻፍ፤ እጄ ገና ደህና አልሆነም።

ፍልሰታ ገብቷል። ልጅ አዋቂ ይጾማል። እማማ ሙሉነሽ ሰሞኑን «ዘንድሮ ሐኪሙን ነው የምትሰሚው ወይስ እመቤታችንን?» ሲሉኝ ሰንብተዋል። እኔም በግትርነቴ ሁለቱንም እሰማለሁ አልኩ። ጠዋት ክኒኔን ዋጥኩ፣ ምንም አልቀመስኩም፣ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጫካው ጋ ስደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ልቀመጥ ብዬ የቀርከሃውን አጥር እንደያዝኩ አስታውሳለሁ። ከዚያ የባጃጅ ጣሪያ። የማላውቀው ሹፌር ነው አንሥቶ ቤት ያደረሰኝ።

ቤት ውስጥ እማማ ሙሉነሽ ጠበል ይዘው ይጸልያሉ። ፀደይ ታለቅሳለች። የይኸነውን ድምፅ ነው የሰማሁት። «ስኳር አምጪ ፀደይ። ውሃ ብቻ አይደለም፣ ስኳር በጥብጪበት። እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉ። አታስተኟት፣ ቀና አድርጓት።» አገጬን ይዞ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት አጠጣኝ። «ክኒን ውጠሻል? ሳትበዪ? እውነቱን ንገሪኝ።» ዓይኔን ስገልጥ «በይ አሁን ዳቦ ብዪ፤ ጾሙን በኔ ላይ አድርጊው» አለ።

ጎረቤቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ባል አለ ወይ ሲል ዋለ። እኔ ግን ተኝቼ ይህን ነው የማስበው፤ አንድ ቀን አብሮኝ ጤና ጣቢያ ያልሄደ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ተማረ? እንዲህ በደቂቃ ውስጥ፣ ምንም ሳይደናገር? ጫግኒ ያለችው ነርስ ናት ማለት ነው።

ነሐሴ 6

ሲስተር ሃና ተቆጣችኝ፤ ልክ ናት። ክኒኑም ስኳር ያወርዳል፣ መራመዱም ያወርዳል፣ ጾሙም ያወርዳል፤ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ደርበሽ ምን ጠበቅሽ አለችኝ። ከእንግዲህ ሳልበላ አልወጣም። የንስሐ አባቴም ሄጄ ስነግራቸው ብዙም አላስጨነቁኝ፤ «ብዪ፣ በሌላ ትጾሚያለሽ። ሰው ባለመቀየም ይሁንልሽ» አሉኝ። ድንች መተው ይሻለኝ ነበር።

በቀሚሴ ጎን ኪስ ሰፋሁበትና ከረሜላ ከተትኩ።

ይኸነው «ከእንግዲህ አትሄጂም» አለ።
«እሄዳለሁ።»
«ወድቀሽ ትሞቻለሽ።»
«ቁጭ ብዬም እሞታለሁ። ቁጭ ብሎ መሞት ነው እንዴ የሚያምረው?»

እንደተመታ ሰው አየኝ። የመታሁት እኔ አይደለሁም፤ የከለከለው እሱ ነው።

ነሐሴ 14

ዛሬ ያየሁትን ለማንም አልነገርኩም። ከእግር መንገዴ ስመለስ በጓሮ በኩል ገባሁ። ይኸነው ዝናብ ላይ ቁጢጥ ብሎ ካልሲ ያጥባል። ይኸነው፣ ከተጋባን ጀምሮ መሐረብ አጥቦ የማያውቀው ሰው። ሲያየኝ ጨመቀውና ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። እርጥቡን። «ምን ትደብቃለህ?» አልኩት። «ጭቃ ነው» አለ። ቦቲ ጫማውን ተጫምቶ ወጣ። ቦቲውን ከዝናቡ መግቢያ ጀምሮ ከመኝታ በቀር ከእግሩ አላወለቀም፤ ቤት ውስጥ እንኳ።

ወንድ ልጅ ልብሱን ደብቆ የሚያጥበው ለምንድን ነው? ሴት የሆነ ሁሉ መልሱን ያውቃል።

ነሐሴ 20

ተጣላን። ፀደይን ወደ ሱቅ ልኬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «ጫግኒ ማን አለችህ?»
«ማንም የለችኝ።»
«ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ እንደ ጅል የተቀመጥኩት።»
«ማንም የለችኝም አልኩሽ።»
«ታዲያ ምን አለህ እዚያ?»

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አየሁት፤ ከፈተ። ከዚያ እናቱ ከውጭ ጠሩት፣ ተነሣ። ሲሄድ ያነክሳል። «ምን ሆንክ?» አላልኩትም። ያንክስ ብዬ ነው ያሰብኩት። ይሄንን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ያሰብኩት ይሄንኑ ነው።

በንዴቴ ወጥቼ እስከ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ሄድኩ። እንዲህ ፈጥኜ ሄጄ አላውቅም። ማውራትም መዝፈንም አልችልም ነበር።

ነሐሴ 26

ይኸነው ቦቲውን ሳያወልቅ ሁለት ቀን ተኛ። ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል። እናቱ ምች ነው አሉ፤ ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጡት። ቤቱ ይሸታል። አይጥ የሞተ መስሎኝ ሣጥኑን ሁሉ አንሥቼ ጠረግኩ።

ፀደይ ናት «እማዬ፣ የሚሸተው አባዬ ነው» ያለችኝ።

ቦቲውን ስስብ አልጮኸም። አለመጮሁ ነው ያስደነገጠኝ። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። በመቀሴ ቀደድኩት። ከዚያ በላይ አልጽፍም። ትንሿ ጣት፣ አጠገቧ ያለችውም።

ባጃጅ። ሆስፒታል።

ነሐሴ 27

ሐኪሙ «ስኳር እንዳለብዎት ያውቁ ነበር?» አለው። ይኸነው ግድግዳውን እያየ «አዎ» አለ። «ከመቼ?» «ቆይቷል።» «መድኃኒትስ?» «መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የለኝም።»

እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ለሐኪሙ መለሰ። ወደ እኔ አልዞረም።

ነሐሴ 28

ዛሬ ሁለቱን ጣቶች ቆረጡለት። ባሕር ዳር ይወሰድ ይሆን ሲባል መንገዱ አይሆንም ተባለ፤ እዚሁ ሠሩለት። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆይ እግሩን ነበር አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ምን አሰብኩ? የጫግኒዋ ምነው ሴት በሆነች አልኩ። ሴት ብትሆን እጣላት ነበር። ሴት ብትሆን እግሩን አትበላውም ነበር።

ሱሪውን ሁለት ጊዜ ያጠበብኩለት እኔ ነኝ። ወገቡን በሜትር የለካሁት እኔ። ውሃ ጥማቱን፣ ሽንቱን፣ ክሳቱን፣ ሲስተር ሃና አንድ በአንድ ያስተማረችኝ እኔን ነው። የራሴን ጣት በስልክ መብራት ስፈትሽ የሱ እግር በካልሲ ውስጥ አጠገቤ ተኝቷል። በምን እንደታወርኩ አውቃለሁ። እሱም ግን አፍ ነበረው። አፍ ነበረው።

ጳጉሜን 4

ሆስፒታል አድራለሁ፣ ሱቅ እውላለሁ። ዩኒፎርሞቹን ፀደይ ቁልፍ ትተክልልኛለች። የምራመደው ከሆስፒታል ሱቅ ነው። ዛሬ እማማ ሙሉነሽ አልጋው ራስጌ ተቀምጠው ለጎረቤታቸው በአዊኛ «ዘንድሮ በዚህ ቤት አንዷ እግር አወጣች፣ አንዱ እግር አጣ» አሉ። ወጥ የያዝኩበትን ሳህን አስቀመጥኩ። በአዊኛ መለስኩላቸው። «እሰማለሁ እማማ። ሁልጊዜም እሰማ ነበር።» አዊኛዬ አያምርም። ተረድተውኛል ግን።

መስከረም 6

ይኸነው ከሆስፒታል ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው። ጠያቂ ቤቱን ሞልቶታል። ዛሬ ታናሽ ወንድሙ አድማሴ ከግምጃ ቤት ከተማ መጣ። እንጀራ ሲቀርብ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ ሰርክአዲስ፣ አትቀየሚኝና ሰው የሚለውን ነው የምልሽ» አለ። «ሚስት መንገድ ለመንገድ ስትዞር ባል ቤቱ ውስጥ በሰበሰ ነው የሚሉት። ለራስሽ ስታስቢ እሱን ረሳሽው።»

ሞሰቡን እንደያዝኩ ቆምኩ። እማማ ሙሉነሽ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ቤቱን የሚያቃጥል መልስ።

ይኸነው ከአልጋው ላይ «አድማሴ» አለ። «እሷን ተዋትና እኔን ስማኝ። በሽታው የያዘኝ ከሷ በፊት ነው። ጫግኒ ነው የነገሩኝ። ደበቅኩ። መድኃኒቱን እዚያው ወዳጄ ሱቅ አስቀምጬ፣ ለሳምንት የሚበቃኝን በክብሪት ቀፎ እየያዝኩ እመጣ ነበር። አንዳንዴም እዚያው አድሬ እመረመራለሁ። መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱ እዚያ ቀረ። ተራመድ ብለውኝ ነበር፤ ሰው ያየኛል ብዬ አልተራመድኩም። እግርህን እይ ብለውኝ ነበር፤ አላየሁም። እሷ በአደባባይ ስትሄድ ሳቅኩባት። ጣቴን የበላው የሷ መሄድ አይደለም። ቦቲዬ ነው።»

አድማሴ እንጀራውን አስቀመጠ። እማማ ሙሉነሽ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ሰው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

መስከረም 7

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፀደይ «እማዬ፣ አባዬ እንዴት እንደተናገረልሽ» እያለች ታቅፈኛለች። ጎረቤቶቼም እንደ ካሱኝ ያዩኛል።

እኔ ግን እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ለቤት ሙሉ ሰው ተናገረ። ለሐኪሙ ተናገረ። ጫግኒ ያለ ባለሱቅ ያውቃል። ለኔ፣ ለአንዷ፣ ለብቻዬ፣ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እኔ የሰማሁት ሞሰብ ይዤ፣ ከእንግዳ ጋር እኩል ነው። ያንን በሽታ ራሴ ተሸክሜ በጭቃ ስሮጥ፣ «እኔም አለብኝ» ቢለኝ ምን ይጎድለው ነበር?

ማታ ቁስሉን ሳጥብለት ይህንኑ ነገርኩት። ድምፄን አላነሣሁም። ፋሻውን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

መስከረም 10

ጠዋት እንቁላሌን በልቼ፣ ጫማዬን ዳብሼ፣ ልወጣ ስል «ሰርኬ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ከተመለስኩ በኋላ አልኩት። «ከተመለስሽ በኋላ አልችልም» አለ።

ተቀመጥኩ።

ስለ አባቱ ነገረኝ። እሳቸውን አላውቃቸውም፤ ልጅ ሳለ ነው የሞቱት። እግራቸው ቆስሎ ቤቱ ሸትቶ ሰው መጠየቅ አቆመ። እናቱ ዓይን በላው እያሉ ነው ያሳደጉት። «ሐኪሙ ስኳር ነው ሲለኝ የአባቴ ቤት ሸተተኝ» አለ። «መናኸሪያ ሄጄ ተቀመጥኩ። መኪናው ጥሎኝ ሄደ፤ አየሁት፣ አልተነሣሁም። ለሰው ከተናገርኩ የኔም ቤት ባዶ ይሆናል ብዬ ነው። በዓመቱ አንቺ ራት ላይ ስትናገሪ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። አንቺ ምንም ሳትሆኚ ተናገርሽው። እንደ ጉንፋን።»

«ምንም ሳልሆን?» አልኩት።

«መስሎኝ ነው» አለ። «በማለዳ ስትሄጂ የኔን በሽታ ይዘሽ ለከተማው የምታሳዪ ይመስለኝ ነበር። ነገ ወደኔ ይዞራሉ እል ነበር። ለዚያ ነው የምከለክልሽ። ያን ዕለት ስትወድቂ ደግሞ፣ ተናግሬ ቢሆን ሳትበዪ እንዳትወጪ እነግራት ነበር ብዬ፣ እስኪነጋ…» አልጨረሰውም። ይኸነው ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው።

ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። «ያንክስ ብዬ ነበር» አልኩት። «ስታነክስ አይቼ ያንክስ አልኩ።» «አውቃለሁ» አለ። «ፊትሽ ላይ ነበር።» ይሄኔ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቅ ይባል እንደሆነ።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ቁስሉ እስኪድን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነገር እንዳለ ነው። ሲስተር ሃና ክንድ ማሠራት ይቻላል፣ ሐኪሙ የፈቀደውን ብላኛለች። አሳየሁት፤ ሁለት ክንድ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች። እንደ ልጅ አጠፋው። እጁን ይዤ አስተካከልኩለት። በርታ አላልኩትም። ፍጠን አልኩት።

ፀሐይ ወጥታ፣ የጠዋቱ መንገዴ ቀረ።

የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ገበያው በሚበተንበት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያለ። ፈረስ የሚጎትት፣ ድንች የጫነ ጋሪ፣ ከዘንገና የመጡ ሰዎች፣ የማውቃቸው ደንበኞቼ ሁሉ። በመካከላቸው ፈጥኜ ሄድኩ፤ ጥግ አልያዝኩም። ስመለስ ይኸነው ሳይበላ ጠበቀኝ። ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ ምግብ አያሳልፍም ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ርቦኝ ነበርና አብረን በላን።